ቀስቱ መሐል ላይ ነበር

ጥር 9 ቀን

ለተከበርከው የእህቴ ልጅ፣

ይህ ጽሑፍ ከእጅህ ሲገባ በሙሉ ጤንነት፣ በሥራህ ላይ ጸንተህ፣ በሰው አገር ክፉ ሳይነካህ እንዲያገኝህ ፈጣሪን እለምናለሁ። እኔ በበኩሌ ከጉልበቴ በቀር የጎደለብኝ የለም። እናትህም ደህና ናት። ደህና ናት ስልህ በዓይኔ አይቼ ነው እንጂ ነግራኝ አይደለም። እንደምታውቀው በአንድ ግቢ እየኖርን ስምንት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው በልብስ ማስጫው ገመድ በኩል ነው። «ያ ሰውዬ ሸሚዙን ያንሣልኝ» ትላለች ለገመዱ፤ ሸሚዜን አነሣለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የጭነት ማኅበሩ በጡረታ ሲያሰናብተኝ ከግቢው ጥግ ቆማ የነበረችውን ግራጫዋን መኪና ሰጥቶኛል። ሞተሯን በአምስት ዓመት ውስጥ ብሎን በብሎን መልሼ አቁሜያለሁ። የቀራት ዓመታዊው ምርመራ ነው፤ መርማሪው ግን የፍጥነት መለኪያዋ እንደማይሠራ፣ ከሰሌዳዋ አምፖሎችም ሦስቱ እንደ ጠፉ ጽፎ መለሰኝ። ስለዚህ ከመሪው ፊት ያለው የመለኪያ ሰሌዳ ወጥቶ መፈታት አለበት። ባትሪ የሚሞላው ጎረቤታችን «አምጡት፣ በአንድ ሰዓት እበትንልዎታለሁ» ብሎኛል። መበተኑን አልጠራጠርም፤ መልሶ መግጠሙን ግን አላነሣም።

ማኅበሩ መኪናዋን ከገዛ ጀምሮ ይህን ሰሌዳ ከእኔ እጅ በቀር የነካው የለም፤ ወደፊትም አይነካውም። ሆኖም እኔ የማውቀው ጀርባውን ነው፤ ፊቱን ከፍቼ አላውቅም። አንተ በመለኪያ ጥገና ሥራ ላይ እንደ ተሰማራህ ሰምቻለሁና አፈታቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ጽፈህ ላክልኝ። በስልክ አትንገረኝ፤ በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም።

የደብዳቤህን ቀን በስተቀኝ ጻፍ። ያለፈው ደብዳቤህ ቀን አልነበረውም።

በጎውን ሁሉ የምመኝልህ
አጎትህ

የካቲት 2 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ይመስገነው፣ ደህና ነኝ። ቀኑን በስተቀኝ ጽፌዋለሁ፣ ይዩልኝ።

የምሠራው ከአንድ ትልቅ ጋራዥ ሥር፣ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም። ከላይ መኪና በገባ ቁጥር ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። መደርደሪያው ላይ ከመቶ በላይ መለኪያ አለ፤ ሁሉም ዜሮ ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ያየኛል።

የትኛዋ ግራጫ መኪና እንደሆነች አልጻፉልኝም። መቼም አንድ ግራጫ ብቻ ነበረች። እኔ ዳገቱ ላይ ሞተሯን በሙቀት አድርቀህ አነከስክ ተብዬ የተባረርኩባት ናት። እሺ፣ ይሁን።

መጀመሪያ ባትሪውን ይንቀሉ፤ ኔጋቲቩን ያስቀድሙ። የፍሬኑንም አየር ከታንኮቹ ያስወጡ፤ የአየር መለኪያው ከኋላው በቀጭን የመዳብ ቱቦ ስለታሰረ፣ አየር እያለበት ቢፈቱት ፊትዎ ላይ ነው የሚጮኸው። ከዚያ ዙሪያውን ያሉትን አራት ብሎኖች ያውጡ። ወዲያው ግን ጎትተው እንዳያወጡት፤ እጅዎን ከኋላ ሰደው የፍጥነት ገመዱን ቀለበት በጣትዎ ያዙሩ፣ ፒንሳ አይንኩበት። ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት ቁጥር ይለጥፉበት። ሰሌዳው ከወጣ በኋላ መስታወቱን የያዘው የብረት ቀለበት ጠርዙ የታጠፈ ነው፤ በጠፍጣፋ ካቻቴ ትንሽ ትንሽ እያሉ ዙሪያውን ያንሡት። አንድ ቦታ ላይ ከጨከኑበት መስታወቱ ይሰነጠቃል። ቀስቶቹን አይንቀሉ። አምፖሎቹንና ለፍጥነት መለኪያው የሚሆን ትንሽ የመዘውር ጥርስ በፖስታ ልኬያለሁ።

ከመዝጋትዎ በፊት እያንዳንዱን መለኪያ ይፈትኑ። ለሙቀቱ፣ ሞተሩ ላይ ሙቀት የሚለካውን ቡልቦ ፈትተው በሽቦ ከመለኪያው ጋር ያገናኙና የፈላ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። የዚያች መኪና ቀስት በፈላ ውሃ ቀዩ ላይ መድረስ አለበት።

አሁን የኔ ጉዳይ። እዚህ የባለሙያነት ፈቃድ ፈተና አለ። ያለ ፈቃዱ የጠገንኩትን ሁሉ ሌላ ሰው ነው የሚፈርምበት፤ ስድስት ዓመት በሰው ስም ሠራሁ። ለፈተናው ለመቀመጥ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ለማኅበሩ ብጽፍ «መዝገብህ በቸልተኝነት የተሰናበተ ይላል፤ ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ካላሻሻለው እኛ አንነካውም» አሉኝ። ማን እንደጻፈው እናውቃለን። ማመልከቻው የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ ነው።

እማዬን ሳሙልኝ ልል ነበር፤ ለገመዱ ይንገሩልኝ።

ልጅዎ

መጋቢት 6 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ዕድሜና ማስተዋል ይስጥህ። ደብዳቤህና ዕቃው በደህና ደርሰውኛል። መመሪያህ ግልጽ ነው፤ «ካቻቢቴ»ን ስትጽፍ ብቻ አንድ ፊደል ዘለሃል።

ሰሌዳውን አውጥቻለሁ። አሥራ ሰባት ሽቦ ላይ አሥራ ሰባት ቁጥር ለጥፌ ስጨርስ ባትሪ ሞዪው በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ስም ሊጠሩ ነው እንዴ? የቀረ ሽቦ ካለ ወላጅ ይዞ ይምጣ በሉታ» አለኝ። «አንተን የመሰለ ሽቦ ቢኖር ከክፍል አስወጣው ነበር» አልኩት። የብረቱን ቀለበት አንሥቼ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ መስታወቱ ግን አልተሰነጠቀም።

የሰሌዳው ጀርባ እንደ አዲስ ያበራል። አንተ ከመባረርህ በፊት በነበረው ክረምት እኔው ራሴ ቫርኒሽ ቀብቼው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ከላይ ከላይ ለቅልቆ ያልፍ ነበር፤ እኔ ግን ሽቦ የሚያስሩትን ዳዶዎች አንድ በአንድ ፈትቼ፣ ከሥራቸው ካሉት ስስ ሮንዴላዎችም ሥር ሳይቀር ቀብቼ፣ ሲደርቅ መልሼ አጠበቅኋቸው። ይኸው እስከ ዛሬ አንዲት ነጥብ ዝገት አልያዘውም። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ምን ያህል ቀዝቃዛ ሆና ትነዳ እንደ ነበር ሹፌሮቹ ሁሉ ያስታውሳሉ፤ ቀስቷ ከሩብ አያልፍም ነበር።

ስለ ሪፖርቱ ያነሣኸውን አይቻለሁ። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ዕቃ በማዛወር ላይ ስለሆነ ለጊዜው መዝገብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ቀስቱ ቀይ ላይ ሳይደርስ ሞተር አይነክስም። ይህን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ያመንኩበትን ጽፌ ፈረምኩ።

አጎትህ

ሚያዝያ 1 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ስለ ቫርኒሹ የጻፉትን አራት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ እዚያው ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ አንዴ ባቡር ውስጥ። ሦስተኛውን እየተረጎምኩ ጮክ ብዬ ለአለቃዬ አነበብኩለትና አንገቱን ደፋ። አራተኛውን ለምን እንዳነበብኩት አላውቅም።

መዝገቡን ይተዉት። አምፖሉንም፣ ጥርሱንም ይተዉት። የሙቀቱን መለኪያ ብቻ ይፈትኑልኝ። አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ነው፤ ሌላ ምንም አይፈልግም።

ያን ቀን ያባረረኝ ኮሚቴ ፊት ምን እንዳልኩ ያስታውሳሉ። ቀስቱ መሐል ላይ ነበር አልኩ። እርስዎ ደግሞ መነጽርዎን አውልቀው «ልጁ አላየውም፤ ያየ ቢሆን ቀይ ያይ ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

እንዳፈሉት ይጻፉልኝ። ቀኑ እየሄደብኝ ነው።

ልጅዎ

ግንቦት 8 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

እንዴት ነዎት? ደብዳቤዎ ከቀረ ሁለት ወር ሆነው። ታመዋል እንዳልል እማዬ «ያ ሰውዬማ ግቢውን እየዞረ ነው፣ መሬቱን ሊበሳው ነው» ትለኛለች።

ክፍል ለቅቄያለሁ። አዲሱ ከጣሪያ ሥር ነው፤ ቀጥ ብዬ የምቆመው መሐሉ ላይ ብቻ ነው። ሥራ ላይም ሁለት መለኪያ አበላሸሁ።

ባለፈው እሑድ እማዬ በስልክ አንድ ነገር ነግራኛለች። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም። በስልክ የተባለ ማስረጃ አይሆንም ብለው የለ? ከእርስዎ እጅ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ

ግንቦት 22 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናህን ይጠብቅልህ። ሰሌዳው በሚገባ ተገጥሞ መኪናዋ ምርመራውን አልፋለች። መርማሪው ሁሉም መለኪያዎች በትክክል እንደሚሠሩ በጽሑፍ አረጋግጧል። ስለ ላክህልኝ ዕቃ አመሰግናለሁ። እናትህ ብዙ ነገር ትናገራለች።

ጣሪያው የተዳፈነ ክፍል ለሳንባ አይበጅም፤ ሌላ ፈልግ።

አጎትህ

ሰኔ 5 ቀን

ለክቡር የቀድሞ የሹፌሮች ኃላፊ፣

የግንቦት 22 ቀን ጽሑፍዎ ደርሶኛል። መኪናዋ ምርመራውን በማለፏ ደስ ብሎኛል። ሃያ አምስት ቀን ቀርቶኛል። ከእንግዲህ አልጠይቅዎትም፤ አልጽፍልዎትምም።

ፈርሜያለሁ።

ሰኔ 14 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን ለማለት መብቱ እንዳለኝ አላውቅም፤ ቢሆንም እላለሁ። ይህ አምስተኛው ወረቀት ነው፤ አራቱን ቀድጃለሁ። አራቱም በሚገባ የተጻፉ ነበሩ፤ የጎደላቸው ዋናው ነገር ነው።

ፈተናውን የሠራሁት በሚያዝያ መጨረሻ ነው። የእኔ ማንቆርቆሪያ ቂጡ ተበስቶ ስለ ነበር ወደ ገመዱ ዞሬ «ማንቆርቆሪያ ያለው ሰው ቢያውሰኝ» አልኩ። እናትህ ራሷ ይዛ መጣች። ባትሪውን፣ ሰሌዳውንና ምድጃውን በግቢው መሐል በሣጥን ላይ አሰናድቼ ቡልቦውን ነከርኩ። ውሃው ፈላ፤ ክዳኑ ይንጣጣ ጀመር። ቀስቱ ተነሣ፣ ወጣ፣ መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። መስታወቱን በጣቴ መታሁት። ይህን ሲያደርጉ ያገኘኋቸውን ሹፌሮች ስንቴ እንደ ገሠጽኩ ታውቃለህ። ቀስቱ አልተነቃነቀም።

«ምን ማሳየት ነበረበት?» አለችኝ እናትህ። ለገመዱ አይደለም፤ ለእኔ።

«ቀይ።»

«ያሳየውስ?»

«መሐል።»

«ልጄ ያን ቀን ምን ብሎ ነበር?»

ጎንበስ ብዬ ምድጃውን አጠፋሁ።

«ከኮሚቴው ደጅ አቁማችሁኝ ነበር» አለች። «በሩ ግን ክፍት ነበር፤ ሰምቻለሁ።» ማንቆርቆሪያዋን አንሥታ ውሃውን ከግንቡ ሥር ደፋችና ገባች።

የሙቀት መለኪያውን ዳዶ ፈታሁ። ከሮንዴላው ሥር የቀባሁት ቫርኒሽ እንደ ማር ደርቆ፣ የኤሌክትሪኩን መንገድ ደፍኖ ተቀምጧል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ በድስት ውሃ አፍልቼ፣ ቡልቦውን መልሼ ነከርኩ። ቀስቱ ቀዩን አልፎ ሄደ።

መኪናዋ ቀዝቃዛ አልነበረችም። ቀዝቃዛ ናት ብሎ እንዲናገር መለኪያውን ያደረግሁት እኔ ነበርኩ፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ወንበር እለውጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ መኪናዋን እዞራለሁ። ሌላ ሰው ነክቶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ነገር ግን ከእኔ በቀር ማንም እንዳልነካው በገዛ እጄ ጽፌልሃለሁ። በግንቦት የላክሁልህ ደብዳቤ ውሸት የለበትም፤ ነገር ግን እንደዚያ ያለ አሳፋሪ ነገር ጽፌ አላውቅም።

የሰኔ አምስቱ ደብዳቤህ በማለዳ ደረሰኝ፤ በዚያው ዕለት ወደ ማኅበሩ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ወጣት አታውቀኝም። «አባባ፣ ምን ልርዳዎ?» አለችኝ። «በእናንተ ዘንድ የተሳሳተ ሪፖርት አለ» አልኳት። «የማን?» «የእኔ።» ፋይሉን አምጥታ ሰጠችኝ። አነበብኩት። ያማረ ጽሑፍ ነበር፤ አንድ ሥርዓተ ነጥብ አልተዛባበትም።

ሊቀመንበሩ እንደ ሰማ ወደ ቢሮው ጠራኝ። ያ ፍሬን ሲይዝ ዓይኑን ይጨፍን የነበረው ሰልጣኜ ነው ዛሬ ሊቀመንበር የሆነው። «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ራስዎን ለምን ያዋርዳሉ? በዕቃ ብልሽት ብለን እንለፈው፤ ለልጁም ይበቃዋል» አለኝ። «ዕቃው አልተበላሸም» አልኩት። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ማኅተምህን አምጣ።»

ማኅተም ያረፈበት አንድ ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዤ በፈጣን ፖስታ ልኬያለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ሞተሩ የነከሰው በሹፌሩ ቸልተኝነት አይደለም። በጊዜው የሹፌሮች ኃላፊ የነበርኩት እኔ የመለኪያውን መገናኛ በቫርኒሽ በመድፈኔ ቀስቱ ከእውነተኛው ሙቀት በታች ያሳይ ነበር። ሹፌሩ መለኪያውን አምኖ ነዳ፤ እንዲያምነው ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ያየውን በትክክል ተናግሯል። ጥፋቱ በሙሉ የእኔ ነው።»

ሌላው ቅጂ የመጀመሪያው ሪፖርት ተለጥፎበት በነበረው በሹፌሮች ማረፊያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ብዬ፣ ሲለጠፍ ቆሜ አይቻለሁ። አንዱ ሹፌር አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረና «ታዲያ ጋሼ መለኪያ፣ ከእንግዲህ ማንን እንመን?» አለኝ። ለካ በሌለሁበት እንዲህ ነው የሚጠሩኝ።

ይቅርታህን እጠይቃለሁ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ለማንም ጽፌ አላውቅም።

አጎትህ

ሐምሌ 11 ቀን

ለውዱ ጋሼ፣

እንደምን አሉልኝ? ወረቀቱ ሰኔ ሃያ ስምንት ገባ፤ በማግስቱ አስገባሁት። ተቀብለውኛል፤ ፈተናው ጥቅምት ላይ ነው። ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ ክፍሉ መሐል ላይ። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ ብዙ ቆየሁ፤ ጣሪያው ዝቅ ስላለ አይደለም።

አሁን እኔም የምነግርዎ አለኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። ያን ቀን ከድልድዩ ጀምሮ ሽታው ገብቶኝ ነበር። የተቃጠለ ላስቲክና የሞቀ ዘይት። ትዝ ካለዎ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሸተተኝ ብዬ አቁሜ ምንም ስላልተገኘ፣ ሹፌሮቹ ሁሉ ባሉበት «አፍንጫህን ለእራትህ አስቀምጠው፣ አንተ መለኪያህን እይ» ብለውኝ ሁሉም ስቆብኝ ነበር። ስለዚህ ቀስቱን አየሁ፤ መሐል ነው። ማቆም እችል ነበር። በልቤ ግን «ራሱ አይደል ያዘዘኝ፤ የመጣው ይምጣ፣ የሱ ጥፋት ይሆናል» ብዬ ነዳሁ። እስከ ዳገቱ ጫፍ ድረስ እያሸተትኩ ነው የነዳሁት።

ወረቀቱ «በሙሉ» ይላል። ያቺ ቃል አላስቀምጥ አለችኝ። ይስተካከል ካሉኝ ለማኅበሩ እጽፋለሁ፣ ፈተናውም ቢቀር ይቅር። እንዳሉኝ አደርጋለሁ።

ልጅዎ

ነሐሴ 3 ቀን

ለተወደድከው የእህቴ ልጅ፣

ጤና፣ ጽናትና ቀና መንገድ ይስጥህ። ደብዳቤህን አንብቤ ተቆጥቼ ተነሣሁ። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሽታ ሸትቶት ያላቆመ ሹፌር አጥፍቷል። ይህን አላቃልልልህም፤ አንተም አታቃልለው። ነገር ግን ያጠፋኸው በቸልተኝነት አይደለም፣ በእልህ ነው። እልህ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ዓምድ የለውም። አንተ እልኸኛ የሆንከው ደግሞ በማን ወጥተህ እንደሆነ እናትህን ብትጠይቃት ሳታስብ ትነግርሃለች። በሹፌሮቹ ፊት ያልኩህንም አስታውሳለሁ። ሲስቁ እኔም ስቄ ነበር።

ስለዚህ ለሊቀመንበሩ እንዳትጽፍ። «በሙሉ» የሚለው ቃል እንዳለ ይቆያል፤ መዝኜ ነው የጻፍኩት። የአንተን ድርሻ ለእኔ ነግረኸኛል፤ ሰምቻለሁ፤ በእኔና በአንተ መካከል ይበቃል።

ጥቅምት ሩቅ አይደለም። ቁጭ ብለህ አጥና። ፈተናው ላይ አንድ ጤነኛ መለኪያ በምን ምክንያት ሐሰት ሊያሳይ እንደሚችል ከጠየቁህ የእኔን ቫርኒሽ በምሳሌነት ጻፍላቸው፤ የማን እጅ እንደ ቀባውም አትደብቅ።

አጎትህ